ከ70 ዓመት በኋላ 10 ዛፍ፦ ለደን ዕቅድ አውጪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ደን ልማት
ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
በየክልሉ የደን አስተዳደር ዕቅድ ለምታዘጋጁና ለምታጸድቁ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የድሮ 10 ሳንቲም ቤታችሁ ካልጠፋ አውጥታችሁ እዩት። በአንድ ፊቱ አንበሳ፣ በሌላው ደግሞ ቀንዱ የተጠማዘዘ የደጋ አጋዘን አለበት። ሳንቲሙን ዛሬ የታክሲ ረዳትም አይቀበላችሁም። አጋዘኑ ግን አሁንም ከኢትዮጵያ ውጭ አገር የለውም። የሚኖርባቸው ተራሮች ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ያሉት የባሌ፣ የአርሲና የጨርጨር ተራሮች ብቻ ናቸው። ሳይንስ ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የባሌ ሰው ከዚያ በፊት ሲያየው ኖሯል፤ ማን ጠየቀው?

የምጽፍላችሁ የዚህ አጋዘንና የጎረቤቶቹ ቤት ከ50 እና ከ100 ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል በዕቅዳችሁ ውስጥ አስልታችሁ እንድታስገቡ ለመለመን ነው።

የደን ትምህርት ተምሬያለሁ። እንጀራዬን የማገኘው ግን ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ከሳተላይት ምስል ካርታ እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የደን ዕቅድ ሲያዘጋጅ ለካርታው ተጠርቼ ነበር። ሰነዱ ወፍራም ነው። ስለ እንጨት መጠን፣ ስለ ችግኝ ብዛት፣ ስለ በጀት ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ላይ ነው። «የዱር እንስሳት» የሚል ርዕስም አለው። ከሥሩ ጉሬዛ፣ ድኩላ፣ ከርከሮ፣ ነብር፣ ጅብ ተብሎ ተዘርዝሯል። በቃ። ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ «እነዚህ እንስሳት ዕቅዱ ተግባራዊ ሲሆን የት ይሆናሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «የት ይሄዳሉ? እዚያው ናቸዋ» አሉኝ። ቤቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያኔ የምመልሰው አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ባሌ ተራሮች ላይ ባለው በሐረና ደን ውስጥ ነው።

ከጎባ ተነስቶ የሳኔቲን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ላይ ብርድና ጅባራ ነው። ቁልቁል ሲሉ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይጀምራል። ከዚያ ሽበት የተንጠለጠለበት ኮሶ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ አንገት ሰብሮ የሚታይ ትልልቅ ዛፍ ይመጣል። ከታች ጫፉ ላይ ቡና አለ። ማንም ያልተከለው፣ ከደኑ ጋር የበቀለ ቡና።

አንድ አዛውንት የቡና ይዞታቸውን አሳዩኝ። ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፤ እኔም ሐጂ አልኳቸው። ይዞታቸው ጽድት ያለ ነው። ከላይ ግዙፍ የጥላ ዛፎች፣ ከታች ቡና፣ በመሀል ባዶ። ፎቶ ቢነሳ ለቱሪዝም ፖስተር ይሆናል። አንዱን ትልቅ ዛፍ እየደገፍኩ «ሐጂ፣ የዚህ ልጁ የታለ?» አልኳቸው። ጥያቄው አልገባቸውም። «ትንሹ ማለቴ ነው። ይሄ ሲወድቅ የሚተካው።»

ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ በገጀራቸው ጫፍ መሬቱን ነካ አደረጉ። ጣት የምታህል፣ ከሥሯ የተቀላች ጉቶ። ከአጠገቧ ሌላ። እዚያ ደግሞ ሌላ።

«በየዓመቱ እንመነጥራለን» አሉ። «ቡናው እንዲተነፍስ ነው።» ትንሽ ቆይተው ሽቅብ አዩና «አባቴም ይሄን ዛፍ እንዲሁ ትልቅ ሆኖ ነው ያገኘው» አሉ።

ማታ ያረፍኩበት ክፍል ውስጥ መብራት አልነበረም። ስልኬ ላይ ያለውን ማስያ አወጣሁና አንድ ነገር ሞከርኩ። እናንተም አሁን ሞክሩት። በአንድ ሄክታር 40 ትልልቅ ዛፍ አለ እንበል። ማንም አይቆርጣቸውም፤ ሐጂም ጎረቤቶቻቸውም ይሳሱላቸዋል። ግን ከ50ው አንዱ በየዓመቱ በእርጅና፣ በንፋስ፣ በመብረቅ ይወድቃል እንበል። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ መሬት ላይ ተለክተው መተካት አለባቸው። ሥሌቱ ግን ቀላል ነው። ከ10 ዓመት በኋላ 33 ዛፍ ይቀራል። ከ35 ዓመት በኋላ 20። ከ70 ዓመት በኋላ 10።

33ቱን ልብ በሉልኝ። በ10 ዓመት ውስጥ 7 ዛፍ ቢጎድል ማን ያየዋል? ሳተላይቱም አያየውም። የእኔ ካርታ ላይ ያ ቦታ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው፤ «ደን» ተብሎ ይቆጠራል። ባለሥልጣን መጥቶ ቢጎበኝም «በጥሩ ሁኔታ ተጠብቋል» ብሎ ይመለሳል። ዕቅዱ ዘመኑን ጨርሶ ይዘጋል፤ አዲስ ዕቅድ ይከፈታል፤ እሱም በሰላም ይዘጋል። ደኑ ግን ልጅ ሳይተካ እያረጀ ነው።

በነዚያ ትልልቅ ዛፎች ላይ ማን እንደሚኖር ደግሞ እንይ። ሐረና ውስጥ ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመ ጥቁርና ነጭ ትልቅ ወፍ አለ። ሲበር ክንፉ እንደ ድሮ ባቡር ይተነፍሳል። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል የተቦረቦረ ግንድ ፈልጋ ትገባና በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች። ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ትቀራለች። ወንዱ በዚያች ስንጥቅ ፍሬ ያቀብላታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግንዱ ወፍራምና ሽማግሌ ከሆነ ነው። የ20 ዓመት ዛፍ እንዲህ ያለ ክፍል የለውም። ወፉ ደግሞ የበላውን ፍሬ ዘር ሩቅ ወስዶ የሚጥል ነው፤ እሱ ከሄደ ደኑ ራሱ አንድ ተካይ አጣ ማለት ነው። የሐረና ሰው ቀፎውን የሚሰቅለውም እነዚሁ ዛፎች ላይ ነው። ስለዚህ 40ው ወደ 10 ሲወርድ የሚጎድለው ጥላ ብቻ አይደለም።

ያንን ሌሊት በስልክ ማስያ የሠራሁት ነገር ሲሰፋ ነው ሞዴል የሚባለው። ስሙ ሰውን ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ገበሬ በየዓመቱ በጭንቅላቱ የሚሠራው ነው። ደኑን በትናንሽ ካሬዎች ትከፍሉታላችሁ፤ ላንድሳት የተባለው ሳተላይት ለምሳሌ 30 ሜትር በ30 ሜትር አድርጎ ያሳያችኋል። ለእያንዳንዱ ካሬ ምን ዛፍ እንዳለበት፣ ዕድሜው፣ ጥግግቱ ይጻፋል። ከዚያ ዓመቱን ታስኬዱታላችሁ። ያድጋል፣ ይወድቃል፣ ይበቅላል፣ ይቃጠላል፣ ይቆረጣል። የእናንተ ዕቅድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ ብንመነጥር፣ ባንመነጥር፣ በ10 ዓመት አንዴ ብንመነጥር።

ሁለተኛው ክፍል የእንስሳው ነው። እያንዳንዱ ካሬ ለዚያ እንስሳ ምን ያህል ቤት እንደሚሆን ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጠዋል። አሜሪካኖች ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለብዙ እንስሳት አዘጋጅተውታል፤ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ የምወደው አንድ ጠባይ አለው። ምግብ፣ መደበቂያ፣ ውሃ፣ መራቢያ ቦታ እየተባለ ነጥቦቹ ብዙውን ጊዜ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ዜሮ ነው። ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ይገባዋል። ሳሎኑ ቢያምር፣ ታክሲ ቢቀርብ፣ ውሃ በሦስት ሳምንት አንዴ ከመጣ ማን ይቀመጣል? ለዚያ ወፍ 90 በመቶ የተሸፈነ ደን የተቦረቦረ ግንድ ከሌለው ውሃ የሌለው ቤት ነው።

አሁን ደግሞ የማትወዱትን ልጻፍ። ሞዴሉ አንዳንዴ «ዛፍ አትትከሉ» ይላል።

አረንጓዴ አሻራን አልቃወምም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ በተባለበት ቀን እኔም ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስተክል ውያለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ሜዳ ባየን ቁጥር ባዶ መስሎ ይታየን ጀምሯል። ዲንሾ አጠገብ ያለውን የጋይሳይን ሜዳ ውሰዱ። የደጋ አጋዘን እንደ እሱ ተሰብስቦ የሚታይበት ቦታ የለም። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ከጽዱና ከኮሶው ሥር ወጥተው ሣር ላይ ይበተናሉ፤ ሰው ሲበዛ ተመልሰው ይገባሉ። የሚፈልጉት ሁለቱን ነው፤ ሣርም፣ የሚሸሸጉበት ዛፍም፣ ጎን ለጎን። ሜዳውን በችግኝ ሙሉትና ሞዴሉን አስኪዱት፤ የዛፍ ሽፋኑ ያድጋል፣ የአጋዘኑ ነጥብ ይወርዳል። ሳኔቲ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች የደረሰ እንስሳ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የሚበላው አይጥና ፍልፈል፣ የሚያድንበት ገላጣ መሬት ነው። ለእሱ «የተራቆተ» የምንለው አምባ የሞላ ጓዳ ነው።

ቀርከሃውም ጉድ አለው። የባሌ ጦጣ የምትባል አለች፤ እሷም ከኢትዮጵያ ሌላ የላትም። ከባሌ ፓርክ በስተምሥራቅ ባለው በኦዶቡሉ ደን በተደረገ ጥናት ከምትበላው 4 እጅ 3ቱ የሚሆነው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ቀርከሃ «ለኢንዱስትሪ የሚሆን ሀብት» ተብሎ ሲታቀድ፣ ስንት ግንድ ይቆረጣል ከሚለው ጎን እዚያው ገጽ ላይ ጦጣዋ ትጻፍ። የበሰለውን እየመረጡ መቁረጥና ቦታውን ጠራርጎ መቁረጥ ለፋብሪካው ያው ቶን ሊሆን ይችላል። ለእሷ አንድ አይደለም።

ሞዴል ተፈጥሮን ከሰው ለማዳን የሚመጣ ፖሊስ የሚመስለውም አለ። እንደዚያ አይደለም፤ አንዳንዴ ለገበሬው ይመሰክራል። የባሌ ከብት አርቢ አስታውን በየተራ እያቃጠለ ሣር ያወጣ ነበር። እኛ ተምረን ሄደን «እሳት ክልክል ነው» አልነው። እዚያው ባሌ የተደረገ ጥናት ግን ቅርብ ጊዜ የተቃጠለ ለጋ አስታ እሳት እንደማይቀበል አሳይቷል። ማለትም ያ ዥንጉርጉር መሬት ራሱ የእሳት አጥር ነበር። ሁሉም እኩል አድጎ እኩል ከደረቀ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። በ1992 ዓ.ም. የባሌ ደን ሲነድ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ እሳት አጥፊ እንደመጣ የምናስታውስ አለን። አቃጥሉ እያልኩ አይደለም፤ መቼ፣ የት፣ ስንት ሄክታር የሚለው መጀመሪያ ይሰላ ነው የምለው። የሽማግሌዎቹም ልምድ በቁጥር ይግባ፤ «ይህ ቁጥቋጦ ከተቃጠለ ስንት ዓመት በኋላ ነው እንደገና እሳት የሚይዘው?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ሞዴል ይሳሳታል። ይህን ካልነገርኳችሁ ሻጭ ሆንኩ ማለት ነው። አሜሪካ በሰሜን ምዕራብ ደኖቿ እ.ኤ.አ. በ1994 ትልቅ ዕቅድ አወጣች። ዋናው ምክንያት ያረጀ ደን ውስጥ ብቻ የሚመቻት አንዲት ነቁጣም ጉጉት ነበረች። አሮጌውን ደን ብዙውን ከመቁረጥ አዳኑት። ጉጉቷ ግን ቁጥሯ መውረዱን ቀጠለ። ከምሥራቅ ሌላ ጉልበተኛ የጉጉት ዘር መጥቶ ከቤቷ አስወጣት። የደኑ ሥሌት ላይ እሱ አልነበረም። ግን ልብ በሉ፤ ይህንን ያወቁት በየዓመቱ ጫካ ገብተው ስለቆጠሩ ነው። ቆጠራ ባይኖር «ደኑ ተጠብቋል፣ ጉጉቷም አለች» እያሉ ይኖሩ ነበር። እንደኛ ስብሰባ።

የእኛ አንዱ ችግር ደግሞ የቢሮ አጥር ነው። ዛፉ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ እንስሳው በሌላ። ፓርኩ በፌዴራል፣ ከፓርኩ ውጭ ያለው ደን በክልል። የባሌ ተራሮች መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ተደስተናል። አጋዘኑ ግን መዝገቡን አላነበበም፤ የፓርኩን ወሰን ሲሻገር ፈቃድ አይጠይቅም። አንዱ ቢሮ ወሰኑ ድረስ ጠብቆ ሌላው ከወሰኑ ማዶ ከመነጠረ፣ የሁለቱን ካርታ አንድ ላይ ዘርግቶ ያየ ባለሙያ ከሌለ፣ መንገዱ የተዘጋበት ቀን አይታወቅም።

ደግሞ በእጃችን ያለውን ጥናት አንጠቀምም። በመናገሻ ሱባና በሙኔሳ ሻሸመኔ የፈረንጅ ጥድና የባሕር ዛፍ ተከላ ሥር አገር በቀል ችግኞች ራሳቸው እየበቀሉ እንደሚወጡ የእኛው ልጆች አጥንተው ካሳተሙ 20 ዓመት አልፎታል። ያንን ተከላ አንዴ ጠርገን ብንቆርጠው ሥሩ ያለውም አብሮ ይጨፈለቃል። በየተራ ብናሳሳው ግን ሥሩ ያለው ይነሳል። የዛሬው እንጨት ያው እንጨት ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ ግን አንደኛው እንደገና የጥድ መስመር ነው፣ ሌላኛው ድኩላ የሚተኛበት ደን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዶ ለማየት አንድ ላፕቶፕና አንድ ሳምንት ይበቃል። ሶፍትዌሩም ነፃ አለ።

ወደ ሐጂ ይዞታ ልመለስ፤ የምጠይቃችሁ ነገር እዚያ ስለሆነ።

40 ዛፉን ለማቆየት በ10 ዓመት 8 አዲስ ትልቅ ዛፍ መተካት አለበት። በመንገድ ግማሹ ይሞታል ብንል 16 ለጋ ዛፍ ከገጀራ ማትረፍ ነው። ይህ ማለት በ25 ሜትር በ25 ሜትር አንድ ለጋ ዛፍ ነው። አንድ! ቀይ ክር አስሮ «ይቺን አትንኩ» ማለት ነው። ቡናው ይህን አይከለክልም። የሚያሳዝነው ሌላው ነው። ለጋው ትልቅ እስኪሆን 60 ዓመት ይፈጃል ብንል፣ ዛሬ ብንጀምር እንኳ የድሮዎቹ በመሀል እስከ 12 ይወርዳሉ። የመጀመሪያው ተተኪ የሚደርሰው ያኔ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ16ም በላይ መተው ይኖርብናል። ለዚያ ለሚቀንስ ቡና ደግሞ ሐጂ ከኪሳቸው ይክፈሉ ማለት አይቻልም። ደኑን ከሕዝቡ ጋር በጋራ የማስተዳደር ውል በብዙ ቦታ ተፈርሟል፤ ቀይ ክሯ እዚያ ውል ውስጥ ከነክፍያዋ ትግባ።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ይህ ነው። የደን ቆጠራ ስታደርጉ የወፍራሙን ብቻ ሳይሆን የጣት ውፍረት ያላትን ለጋ፣ ቆሞ የደረቀውን፣ የተቦረቦረውን ግንድ ጭምር ቁጠሩ፤ ቅጹ ላይ ሦስት ዓምድ መጨመር ነው። እያንዳንዱ ዕቅድ ሲጸድቅ የ30፣ የ60 እና የ100 ዓመት ካርታ አብሮት ይቅረብ፤ ቢያንስ ለሦስት እንስሳት። ካርታው የተሠራበት መረጃ በመሳቢያ አይቆለፍ፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ወረዳው፣ እንደኔ ያለው ሁሉ ይየውና ስህተቱን ይንገራችሁ። በየአምስት ዓመቱም ያው ቦታ ተመልሳችሁ ቁጠሩ። ለሙከራ የትም አትሂዱ፤ በሐረና አንድ ቀበሌ ጀምሩ።

ሥራውን በነፃ የሚያግዝ ሰው ብትፈልጉ እኔ አለሁ። ካርታውን እሠራለሁ። ቀይ ክሩንም ራሴ ይዤ እመጣለሁ፤ ባለፈው ሐጂ ስንለያይ ሦስት ለጋ ዛፍ መርጠው በገጀራቸው ሳይነኳቸው አልፈዋቸዋል፤ በምን ምልክት እንደሚያደርጉባቸው ጠይቀውኝ ከጫማዬ ማሰሪያ ሌላ የምሰጣቸው አልነበረኝም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የካርታ ሠራተኛ